ሠላሳ ርምጃ

በፍርድ ቤቱ መተላለፊያ ካሉት አግዳሚ ወንበሮች በአንዱ ላይ ዓለምወርቅና ልጇ ሮሐ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሮሐ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ለዛሬ ብላ የእናቷን ጥቁር ኮት ደርባለች፤ እጅጌው ረዝሞባት ጣቶቿን ውጧቸዋል። ከፊታቸው ጠበቃው ሶፎንያስ አንድ ገጽ ወረቀት ይዞ ቆሟል።

«እትዬ ዓለምወርቅ፣ አይጨነቁ። ፓርኪንግዎ ሳያልቅ እንጨርሳለን» አለ።

«ማሚ ለፓርኪንግ አትከፍልም» አለች ሮሐ። «አራት ብሎክ በእግሬ ነው ያመጣችኝ።»

ዓለምወርቅ ፈገግ አለች። ልጅቷ ከቀለደች ሁለት ወር ሆኗት ነበር።

ሶፎንያስ ዐቃቤ ሕጉ ያቀረበውን አስረዳቸው። ሮሐ የተከሰሰችው ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላት በአደባባይ የአልኮል መጠጥ ይዛ በመገኘቷ ነው። ጥፋቷን ካመነች መቀጮ ትከፍላለች፤ ስለ አልኮል ጉዳት የስምንት ሰዓት ትምህርት ትማራለች፤ ሃያ አራት ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ትሰጣለች። ስድስት ወር ያለ ሌላ ጥፋት ከቆየች ክሱ ይሰረዛል።

«ስድስት ወር» አለች ሮሐ። «የነርሲንግ ፎርሙ የሚገባው እኮ በሚቀጥለው ወር ነው። ያልተዘጋ ክስ አለብሽ ወይ ይላል። አለብኝ ብዬ ልሙላ?»

«እውነቱን ትሞያለሽ። እኛም ደብዳቤ እንጽፋለን። አንዳንዴ ይቀበላሉ።»

«ለአርባ ቦታ ሦስት መቶ ሰው ነው የሚያመለክተው፣ ሶፊ። ደብዳቤ ማን ያነባል?»

ሶፎንያስ ወረቀቱን ለሁለት አጠፈ። «የሚያናድደኝ» አለ፣ «ወላጅ አብሮሽ ቢሆን ኖሮ ወንጀል አይሆንም ነበር። ሕጉ እንዲህ ነው የሚለው። እናትሽ ወይ አባትሽ እዚያ ቢኖሩ ዛሬ እዚህ አንቀመጥም።»

«አባዬማ ነበረ» አለች ሮሐ። «መታወቂያ አልያዘም እንጂ።»

ሶፎንያስ ይሳቅ አይሳቅ ግራ ገባው። ሮሐ የተያዘችው አባቷ መቃብር ላይ እንደሆነ ያውቃል። ዓለምወርቅ ቀና ሳትል ወለሉን ማየት ጀመረች።

ፖሊሱ ከልጅቷ እጅ የወሰደው ጠርሙስ አባቷ ስለሺ የጣለው የመጨረሻው ጠጅ ነበር። ስለሺ ጠጅ የሚጥለው ዊትኒ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ነበር። ካዚኖ ካርታ ሲያድል ውሎ ይመጣና ነጭ ሸሚዙን እንኳ ሳይቀይር በርሜሉ ላይ ያጎነብሳል፤ ጆሮውን አስጠግቶ ፍላቱን ያዳምጣል። ማሩን የሚገዛው ቻይናታውን ካለች አንዲት ግሮሰሪ፣ በባልዲ ነበር። ባለሱቋ አሮጊት ባየችው ቁጥር «ስንት ንብ ነው የምትቀልበው?» ትለዋለች። አንድ ጊዜ አንድ ጠርሙስ ጠጅ ወሰደላት። በሚቀጥለው ሳምንት ገና ከበር ሲገባ ባዶውን ጠርሙስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችለት።

ሮሐ ያኔ ሰባት ወይም ስምንት ዓመቷ ነው። ኩባያዋን ይዛ በርሜሉ ሥር ትገተራለች። ስለሺ ጌሾው ከመግባቱ በፊት ብርዙን ይቀዳላታል። «ጌሾ ሳይገባ ያንቺ፣ ከገባ የኔ» ይላታል። ልጅቷ ከንፈሯን እየላሰች «ታዲያ ለምን ታስገባዋለህ?» ስትለው ዓለምወርቅ ከወጥ ቤት ሆና ትስቃለች። ሐምሌ ላይ ጋራዡ ምድጃ ይሆናል። በሩ ሲከፈት የማሩ ሽታ ወጥቶ መንገዱን ተሻግሮ ይሄዳል። ያ ሁሉ በዚያ ጊዜ የሚያልቅ ነገር አይመስልም ነበር።

የስለሺ ልብ በድንገት ቆመ። ከዚያ በኋላ አንድ ጠርሙስ ማቀዝቀዣው ውስጥ ቀረ። ዓለምወርቅ ማቀዝቀዣውን ባጸዳች ቁጥር ታወጣዋለች፤ ወልውላ እዚያው ትመልሰዋለች።

በሁለተኛው ሙት ዓመት ሮሐ እናቷን «መቃብሩ ጋ አብረን እንሂድ» አለቻት። «ሺፍት አለብኝ» ብላ መለሰች። ዓለምወርቅ አንድ ሆቴል ውስጥ የሠራተኞች ዩኒፎርም ታድላለች። በዚያ ቀን ግን ሺፍት አልነበራትም። መቃብሩ ጋ በየሰኞው ትሄዳለች፤ ለማንም አልተናገረችም። እዚያ ካለ ዛፍ ሥር መኪናዋን ታቆምና መሪውን ይዛ ትቀመጣለች እንጂ እስከዚያ ዕለት ድረስ አንዴም ወርዳ አታውቅም ነበር።

ያን ዕለትም እዚያው ተቀምጣ ሳለች ልጇ መጣች። ሮሐ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ጠርሙሱን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ሁለት ኩባያ ቀዳች። አንዱን ድንጋዩ አጠገብ አኖረች። አንዱን እየቀመሰች ታወራ ጀመር፤ ሳቀችም። ዓለምወርቅ በመቀመጫዋ ላይ ዝቅ አለች። ጥበቃው መጣ፤ ቆይቶ ፖሊስ መጣ። ፖሊሱ መጻፍ ሲጀምር እጇ የመኪናውን በር እጀታ ጨብጦ ነበር። መክሯት ይሄዳል ብላ አሰበች። ሮሐ የክስ ወረቀቱ ላይ ስትፈርም አየች። እጀታውን ለቀቀች።

በሌላ መንገድ ቀድማ ቤት ገባች። ልጅቷ ስትደርስ ሽንኩርት ስትከትፍ አገኘቻት።

የሮሐ ስም ተጠራ። ሮሐ ቀድማ ወደ ችሎቱ ገባች። ዓለምወርቅ የሶፎንያስን ክንድ ያዘች።

«ነበርኩ» አለችው።

«የት?»

«መቃብሩ ጋ። ፖሊሱ ሲጽፍ መኪና ውስጥ ሆኜ አይ ነበር።»

ሶፎንያስ ትክ ብሎ አያት። «እትዬ፣ ሁለት ወር ሙሉ...» ብሎ ተወው። «በመሐላ ነው የሚጠየቁት። ላያምኑዎት ይችላሉ። ቢያምኑዎትም መኪና ውስጥ መቀመጥ አብሮ መሆን አይደለም ሊሉ ይችላሉ።»

«ይበሉ።»

ዳኛዋ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። ሶፎንያስ ያቀረበውን ሰምተው ወደ ዓለምወርቅ ዞሩ፤ ማለች። ሮሐ ምን እየተደረገ እንደሆነ አልገባትም። ጠበቃውን ታያለች፣ እናቷን ታያለች።

«ያን ቀን እዚያ ነበሩ?» አሏት ዳኛዋ በእንግሊዝኛ።

«ነበርኩ።»

«ከልጅዎ ምን ያህል ይርቃሉ?»

«ሠላሳ ርምጃ። በኋላ ሄጄ ቆጥሬዋለሁ።»

«መጠጡን አይተዋል?»

«አይቻለሁ። ባለቤቴ የሠራው ነው። ስትቀዳ አየኋት፤ አልከለከልኳትም።»

«ታዲያ ፖሊሱ ሲያናግራት ለምን አልወረዱም?»

ለሌሎቹ ጥያቄዎች መልስ አዘጋጅታ ነበር። ለዚህ አላዘጋጀችም። የምታውቀውን እንግሊዝኛ ሁሉ ፈለገች፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ያገኘችው ጥቂት ቃል ነው።

«እያለቀስኩ ነበር» አለች። «ልጄ እንድታየኝ አልፈለግሁም።»

የዐቃቤ ሕጉ ብዕር ቆመ። ሮሐ ሙሉ በሙሉ ዞራ ታያት ጀመር። ከቀብሩ ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ ስታለቅስ ያላየቻትን እናቷን አሁን ቀስ ብላ፣ ከግንባሯ እስከ አገጯ፣ አየቻት። ስትናገር በአማርኛ ነበር፤ ድምፅዋም ከእነርሱ አልፎ ለመሰማት የሚበቃ አልነበረም።

«መቼ ነው የመጣሽው?»

«ካንቺ በፊት።»

ዳኛዋ ምን እንደተባባሉ ጠየቁ። ሶፎንያስ ወዲያው አልተረጎመም፤ ቃል በቃል ቢተረጉመው ሮሐ እናቷ እዚያ እንደነበረች እንዳላወቀች ይታያል።