ባዶ የተተወው አራተኛ ነጥብ

ስብሰባው ሐሙስ ነበር፤ የአቋም መግለጫውን ግን ማክሰኞ ጨርሼዋለሁ። ይህ በእኛ ቢሮ ማንንም አያስገርምም። የሕዝብ ውይይት ሲጠራ አዳራሹ፣ ውሃው፣ ድምፅ ማጉያውና የአቋም መግለጫው አብረው ይዘጋጃሉ። መግለጫው በስተመጨረሻ ይነበባል፣ ይጨበጨባል፣ ቃለ ጉባኤው ላይም «ከሰፊ ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ተብሎ ይሰፍራል። የወረዳው ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት የሕዝብ አስተዳደር ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጻፍኩት ግን በአብዛኛው ያንን ዐረፍተ ነገር ነው።

የዚያ ሳምንቱ መግለጫ አምስት ነጥብ ነበረው። አራተኛው «ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁል የሚወርደው የእግር መንገድ፣ አዲስ የተተከሉትን ችግኞች ለመጠበቅ ሲባል፣ በአጥር እንዲዘጋ ተስማምተናል» ይላል።

መንገዱን አውቀዋለሁ። ባሕር ዛፉን ሰንጥቆ ወርዶ ታች ያለው ትምህርት ቤት ጥግ የሚያደርስ አቋራጭ ነው። ላይ ሰፈር ያሉ ልጆች በሃያ ደቂቃ ይወርዱበታል፤ ከተዘጋ በአስፋልቱ ዞረው ከአንድ ሰዓት በላይ ሊሄዱ ነው። እኔም በዚያ እወጣለሁ። ባለቤቴ ተክለጻድቅ ያረፈው ኪዳነ ምሕረት ነው፤ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከየካ አባዶ በጠዋት ሚኒባስ እሳፈርና የመጨረሻውን ዳገት በእግሬ እወጣለሁ። ቢሮ ውስጥ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። አራተኛውን ነጥብ ስጽፍ እጄ አልቆመም። ለምን እንዳልቆመ እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለሊሴ መጣች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ቤታቸው ላይ ሰፈር ነው። ለስብሰባው ሃያ ወጣት አምጪ ተብላ የስም ዝርዝሩን ይዛ ነው የመጣችው። ሲግናል ሰፈር ስልክ የሚጠግን ፊራኦል የሚባል የአክስቷ ልጅ አብሯት አለ። እሱ በሩ ላይ እንደቆመ፣ ነገም እንደ ባለፈው የአጨብጫቢው ክፍል ወንበር ከፊት ነው ወይ ሲል ጠየቀኝ። ባለፈው ሦስት ሰዓት አጨብጭበው ውሃው ሳይደርሳቸው አልቆ ነበርና፣ ዘንድሮ ቢያንስ መዳፋችን ይታሰብልን አለ። ሳቅኩ።

ፕሪንተሩ የመግለጫውን ቅጂ እያወጣ ነበር። ለሊሴ አንዱን አንሥታ እንደቆመች አነበበችው።

«እትዬ ለተሥላሴ፣ ነገ የምንስማማውን ዛሬ በምን አወቁት?»

ድፍረት አልነበረም፤ ከልቧ ልታውቅ ፈልጋ ነው። ረቂቅ ነው፣ ሊሻሻል ይችላል አልኳት።

«ተሻሽሎ ያውቃል?»

የወጡትን ቅጂዎች መደርደር ጀመርኩ። ከቦርሳዋ አንድ የተጠቀለለ ደብተር አወጣች። ከጓደኞቿ ጋር ተራ ገብተው ዘጠኝ ቀን ሙሉ በመንገዱ የሚያልፈውን ሰው ሲቆጥሩ ከርመዋል። ነገ የመናገር ዕድል እናገኝ ይሆን ወይ አለችኝ። በመርሐ ግብሩ ላይ ለወጣቶች የተያዘው አምስት ደቂቃ ነው፤ እሱም «የድጋፍ መልእክት» ይላል። አያለሁ አልኳት። አመስግናኝ ሄደች፤ ከጥያቄዋ ይልቅ ምስጋናዋ ከበደኝ።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ጽሑፉን እንደገና ከፈትኩት። ተክለጻድቅ መምህር ነበር። ፈተና ሲያወጣ ለመልሱ የሚተወው ቦታ ሁልጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ነበርና ወረቀት አባከንክ እያልኩ እቀልድበት ነበር። የሚጽፈው ያለው ልጅ ቦታ አይጥበብበት ይለኛል። ደፋር ሴት አይደለሁም፤ ተቃውሞ አልጻፍኩም። አራት የምትለዋን ቁጥር ትቼ ሥሯ ያለውን አጠፋሁና ስድስት መስመር ባዶ ተውኩ። ከዚያ እንደገና አተምኩት።

ስብሰባውን የመሩት የወረዳው ምክትል ኃላፊ አቶ በርናባስ ናቸው። ሁለት ሰዓት ያህል ንግግር ተደረገ። ዛፍ ይጠበቅ ተባለ፤ እውነት ነው፣ ይጠበቅ። ለሊሴ ለድጋፍ መልእክቱ ተራዋ ሲደርስ ጊዜ አጥሯል ተብላ ተቀመጠች። ከዚያ አቶ በርናባስ መነጽራቸውን አድርገው መግለጫውን ማንበብ ጀመሩ። አንድ ብለው አነበቡ፣ ተጨበጨበ። ሁለት፣ ተጨበጨበ። ሦስት። «አራት» አሉና ቆሙ። ወረቀቱን ገለበጡት፣ መልሰው አዩት።

«ወይዘሮ ለተሥላሴ፣ አራተኛው የት ሄደ?» አሉ፣ ድምፅ ማጉያው እንደተከፈተ።

አዳራሹ ሳቀ። ተነሣሁ። በዚያ አዳራሽ የተናጋሪዎችን ስም ከመጠየቅ በቀር ተናግሬ አላውቅም።

«አራተኛው ገና አልተጻፈም» አልኩ። «የኪዳነ ምሕረትን መንገድ የሚመለከት ነው። የሚሄዱበት ሰዎች ይንገሩኝና እጽፈዋለሁ።»

አቶ በርናባስ ረቂቁን አንብበውት ነበርና በቃላቸው ሊሉት ይችሉ ነበር። ሕዝቡን አዩ፤ ሕዝቡም እሳቸውን እያየ ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ እንግዲያው የሚሄድበት ይናገር አሉ።

ለሊሴ ደብተሯን ይዛ ቆመች። በትምህርት ቀን በአማካይ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ያልፋል አለች፤ ተማሪ፣ ቅዳሴ የሚሄድ፣ ሸቀጥ ተሸክሞ የሚወርድ፣ ሁለት ቀን ደግሞ በቃሬዛ የወረደ ሕመምተኛ። አይታጠር አላለችም። ችግኙን የተከልነው እኛ ነን፣ የሚበላው ግን ከብት ነው እንጂ ሰው አይደለም አለች። አባቷ ጋሽ ዱቤ ገበሬ ሳሉ ማሳቸውን ሲያጥሩ ለሰው የሚተዉት መግቢያ ነበር። የአጥሩን ሁለት ጫፍ አደራርበው በመካከሉ ጠባብ፣ ጠማማ መተላለፊያ ያበጃሉ፤ ሰው ሁለት ጊዜ ዞር ዞር ብሎ ያልፋል፣ በሬ ወገቡ ስለማይታጠፍ ይመለሳል። ሁለት መዳፏን አደራርባ አሳየችና እንዲህ ያለ መግቢያ ይተውልን አለች።

«ወፍራም ሰውስ?» አሉ ከኋላ አንድ ግዙፍ አባት።

«ለእርስዎ አስፋልቱ አለልዎ፣ ጋሼ» አለ ፊራኦል።

ከሁሉ በላይ የሳቁት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ አርባ ደቂቃ ሰው በእርግጥ ተወያየ። በር ይሁን ያለ አለ፤ በር ካለ ቁልፍ አለ፣ ቁልፍ ካለ ቁልፍ ያዥ ቀረ ይባላል ተባለና ተተወ። ወይዘሮ ዘሀራ የሚባሉ ነጋዴ፣ በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ለችግኙ የምትሆን አንድ ሃይላንድ ውሃ ይያዝ አሉ፤ ይህ ብዙ ተጨበጨበለት። ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ እንደገና ጻፍኩ። እጄ እስኪደነዝዝ የጻፍኩበትን ሌላ ስብሰባ አላስታውስም። በመጨረሻ አራተኛው ነጥብ መንገዱ በጠማማ መግቢያ ክፍት እንዲሆን የሚል ሆነ። ሰባት ሰዎች ተቃወሙ። ሰባቱንም ጻፍኳቸው።

ከአዳራሹ ስንወጣ አቶ በርናባስ ወደ ዳር ጠሩኝና ስሕተት ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልነበረም አልኳቸው። መነጽራቸውን ሲጠርጉ ቆዩ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ስብሰባ ስመራ፣ መጨረሻውን ሳላውቅ የገባሁት ዛሬ ነው» አሉ።

ተቆጥተው ይሁን ደስ ብሏቸው አልለየሁም፤ እሳቸውም የለዩት አይመስለኝም። ለሚቀጥለው ስብሰባ ረቂቅ ሳቀርብ ግን ሁለት ነጥብ ባዶ ተዪ አሉኝ።

የለሊሴ ደብተር የቃለ ጉባኤው አባሪ ሆነ። ሰኞ ወደ ፋይሉ ሳስገባው ገለጥ ገለጥ አደረግኩት። ገጹ በአምድ ተከፍሏል፤ ተማሪ፣ ነጋዴ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላ። ቆጠራው የተጀመረው ቅዳሜ ነው። በዚያ ቀን፣ «ሌላ» በሚለው ሥር እንዲህ ተጽፏል፦ «አንዲት እናት፣ ብቻቸውን። ሲወጡ ድንጋዩ ላይ አረፉ።» በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ፦ «እኚያው እናት። ዛሬ ብዙ አረፉ።»

ስም የለም።

ለሊሴ ቅጂዋን ልትወስድ ስትመጣ ገጹን አሳየኋት። ዝቅ ብላ አየችው።

«ያን ረቡዕ ቢሮ ስገባ ነው ያወቅኩዎት። ፊራኦል ስማቸውን እንጨምር፣ የወረዳ ሰው መሆናቸው ይጠቅመናል አለኝ። ተው አልኩት።»

እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኳት። ከሌላው መንገደኛ ጋር ቆጥራኝ ነበር፤ የእኔ የሆነውን ደግሞ ለእኔ ትታልኛለች። ለሁለቱም እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

አጥሩ በወሩ ታጠረ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠማማው መግቢያ ላይ ደርሼ ሁለት ጊዜ ዞር ዞር ብዬ አለፍኩ። ድንጋዩ አጠገብ ጉልበት የማትደርስ የወይራ ችግኝ አለች። አረፍኩ። ከዚያ የያዝኳትን አንድ ሃይላንድ ውሃ ሥሯ አፍስሼ፣ ባዶውን ጠርሙስ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ላይ ወጣሁ።