እትዬ ሙሉ የላኳቸው ሽማግሌዎች

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሕፃናት ማቆያ የነበራቸው እትዬ ሙሉ የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያ በተቀበሉ በሳምንቱ በሩን ዘጉት። «እድሳት ላይ ነን» አሉ። እድሳቱ ሲያልቅ ቤቱ የውበት ሳሎን ሆኖ ተከፈተ። ለልጇ ከፍላ የነበረችው ሮሃ ብሯን ስትጠይቅ መጀመሪያ «ነገ» ይሏት ነበር፤ ኋላ ስልኳንም ማንሳት ተዉ።

ሮሃ ሲኤምሲ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ናት። ሴት ልጇን የሚይዝላት ስላጣች ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወጥታለች፤ አለቃዋም ቶሎ ካልተመለሰች ሌላ ሰው እንደሚቀጥር ቁርጡን ነግሯታል። ሌላ ማቆያ ደግሞ ቅድሚያ ሳይከፈለው ልጅ አይቀበልም። ብሩ ካልተመለሰ ሥራዋ አለቀለት። ስለዚህ ወደ ወረዳው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሄዳ ከሰሰች። ችግሩ፣ ደረሰኝ የላትም። የከፈለችው እጅ በእጅ ነው፤ ጎረቤትን ደረሰኝ መጠየቅ ነውር መስሏት።

ከቀጠሮው በፊት ባለው እሁድ ሁለት ሽማግሌዎች በሯን አንኳኩ፤ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ኃይለኪሮስና ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ኤርሳዶ።

«ግቡ፣ አረፍ በሉ።»

«እሺ ካላልሽን አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ኃይለኪሮስ፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው።

«ምኑን ነው እሺ የምለው?»

«ክሱን አንሺው። ሙሉ አጥፍታለች፤ ብርሽን መውሰዷን ለእኛ አልካደችም። ግን ልጄ፣ ትልቅ ሰው በፍርድ ቤት አይዋረድም።»

«መቼ ሊከፍሉኝ ነው?»

«እግዜር ሲሰጣት።»

«አዲሱ ማቆያ እግዜር ሲሰጠኝ እከፍላለሁ ብል አይቀበለኝም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ቆመን እናድራታለን!»

«ወንበር አለ፤ ሻይም አፈላለሁ። እሺታ ግን የለኝም።»

ጋሽ ኤርሳዶ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እግራቸው ሲደገፉ ቆይተው፣ «ኃይሌ፣ እኔስ ልቀመጥ መሰለኝ» አሉ።

«አንተ ሰውዬ! ከተቀመጥክማ እሺ ብላናለች ማለት ነው!»

እንደቆሙ ተመለሱ። በማግስቱ ብሎኩ ሁሉ «ሽማግሌ መለሰች» እያለ ያማት ጀመር። ሮሃ ሰምታ እንዳልሰማች አለፈችው።

በቀጠሮው ቀን እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን አጣፍተው ቀረቡ። እርቅ ተጀምሯል ብለው ቀጠሮ እንዲያስረዝሙላቸው ሁለቱን ሽማግሌዎች አስከትለዋል። ዳኞቹ ቀጠሮ አንሰጥም ሲሉ ግን እትዬ ሙሉ አቋማቸውን ለወጡ።

«እኔ ከዚች ልጅ አምስት ሳንቲም አልተቀበልኩም። ከፍያለሁ ካለች ደረሰኝ ታምጣ!»

ሰብሳቢው ዳኛ ወደ ሮሃ ዞሩ። «ምስክር አለሽ?»

«አለኝ። እሳቸው የላኩብኝ ሽማግሌዎች።»

ጋሽ ኃይለኪሮስ «የሽምግልና ነገር እዚያው ሽምግልናው ላይ ነው የሚቀረው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሮሃ ጋሽ ኤርሳዶን አየቻቸው።

«ጋሼ፣ ቤቴ የመጣችሁት ስለ ምን ጥፋት ይቅርታ ልትለምኑኝ ነበር?»

ሽማግሌው ለመመለስ ወደ ዳኞቹ ዞሩ። እትዬ ሙሉ ጎናቸውን ጎሸም አደረጓቸው።

«ተይኝ እስቲ፣ ሙሉ። ብሯን በልቻለሁ፣ አስታርቁኝ ያልሽን አንቺ ነሽ። ለምንልኝ ስትይ ለመንኩልሽ፤ ዋሽልኝ ግን አላልሽኝም፣ ብትይኝም አልዋሽም።»

ፍርድ ቤቱ ብሩ በሙሉ እስከ ዓርብ እንዲከፈል ወሰነ።

ኮሪደሩ ላይ እትዬ ሙሉ ሮሃን ደረሱባት። «ደስ አለሽ? እስቲ ከእንግዲህ ሰፈሩ ውስጥ ማን ሰላም እንደሚልሽ አያለሁ!»

«ሰላምታው ይቅርብኝ፣ እትዬ። ዓርብ ብሬ ካልመጣ ግን ሰኞ ጠዋት ልጄን ሳሎኑ ውስጥ አስቀምጫት ሥራዬ እሄዳለሁ። የከፈልኩበት ቤት ነው።»