ዴልበርት ሩስካ ሳያመለክት ተመረቀ

«አልተመረቅኩም አልኩዎት እኮ» አለ ዴልበርት ሩስካ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

«ተመርቀዋል፣ ሚስተር ሩስካ» አለች የኮሌጁ አማካሪ ዮላንዳ ፕሪዊት፣ ዐይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል። «ነሐሴ ዘጠኝ ቀን ነው የተመረቁት። እዚህ ተጽፏል።»

«ነሐሴ ዘጠኝ ቀን ዓሣ ሳጠምድ ነው የዋልኩት። ሰው ዓሣ እያጠመደ እንዴት ይመረቃል?»

«ኮምፒውተሩ ነው የሚያስመርቀው። በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ መዝገቡን ያገላብጥና ያሟላውን ሁሉ ያስመርቃል። ሰው ማመልከት ስለሚረሳ ነው።»

«እኔ አልረሳሁም። ሆን ብዬ ነው ያላመለከትኩት።»

ዮላንዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። ከዴልበርት በስተኋላ በሩ ድረስ ሰልፍ ነበር።

ዴልበርት ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው። በዚያች የነብራስካ ከተማ የመስኖ ቧንቧ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ሚስቱ አርሊን ሞተችበት። ያኔ እንቁላል መጥበስ እንኳ አያውቅም ነበርና አንድ የምግብ ዝግጅት ኮርስ ሊወስድ ወደ ሕዝብ ኮሌጁ መጣ። ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ አልወጣም። ሰኞ የጸጉር ሥራ ተማሪዎች ይቆርጡታል፤ የቆረጡትን ለማስተካከል ረቡዕ እንደገና ይቆርጡታል። ጥርስ ማጽዳት የሚማሩት ድዱን ከራሱ ይበልጥ ያውቁታል። የመኪና ጥገና ተማሪዎች ፒካፑን አራት ጊዜ ፈታትተው ገጥመውለታል፤ በየጊዜው አንድ ብሎን ይተርፋል፣ መኪናው ግን ይሄዳል። እሱም በበኩሉ ለነርስነት ተማሪዎች በሽተኛ ሆኖ ይተኛላቸዋል። በእነሱ እጅ አሥራ አንድ ጊዜ ሞቷል፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ ወልዷል።

ይህ ሁሉ በተማሪ ካርዱ ነው። ካርዱን ላለማጣት ሲል አንዲት ኮርስ ብቻ ሳይወስድ አቆይቷል፤ አዲስ ገቢ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት የሚጀምራትን «የኮሌጅ ኑሮ መግቢያ» የምትባለውን። እሷን ያልወሰደ አይመረቅም።

«መግቢያውን አልወሰድኩም» አለ አሁን፣ የመጨረሻ ጥይቱን እንደሚተኩስ ሰው።

«መግቢያው ቀርቷል። ኮሚቴ ተቋቁሞ ሲጠና፣ ብዙ ሰው ትምህርቱን እንዳይጨርስ ያደረገው እሱ ሆኖ ተገኘ።»

«ካርዴስ?»

«እስከ ዛሬ ማታ ይሠራል። ለጸጉሩና ለጥርሱ ከሆነ ግን አያስቡ፣ ለውጭ ሰውም ክፍት ነው። ቀጠሮ ይይዛሉ፣ ስምዎን ያስመዘግባሉ፣ ይጠሩዎታል።»

«የውጭ ሰው» አለ ዴልበርት። እስከ ትናንት «ዴል፣ ና ቁጭ በል» ትለው የነበረችው ልጅ «ጌታዬ፣ ቀጠሮ አለዎት?» ስትለው ታየው። የሚቀመጥበትን አጥቶ እንደቆመ ሰው ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ።

ዮላንዳ ክፉ ሴት አልነበረችም። የኮምፒውተሩን ገጽ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገችው። «በሁሉም ክፍል ከሚፈቀደው በላይ ተምረዋል። የሚቀረው አንድ ብቻ ነው። ሒሳብ ጨርሶ ለማያውቁ የሚሰጥ መሰናዶ አለ። እዚያ ከገቡ ካርድዎ ይቆያል፤ ለመግባት ግን ፈተናውን መውደቅ አለብዎት።»

«መውደቅ አያቅተኝም።»

«ማንንም አያቅተውም» አለችና ወደ ፈተናው የሚያስገባውን ወረቀት ሰጠችው።

የፈተናውን ክፍል የምትጠብቀው ማሪሴላ ኦንቲቬሮስ ነበረች። አሥር ዓመት በከብት ማረጃው ሥጋ ስትቆርጥ ቆይታ፣ እዚሁ ኮሌጅ ሒሳብ ተምራ፣ አሁን የሚከብዳቸውን የምታስጠና የአርባ አራት ዓመት ሴት ናት። ዴልበርትን ሦስት ዓመት ሙሉ በየማክሰኞው አስጠንታዋለች።

«አንተ ደግሞ እዚህ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ልወድቅ።»

«ከየቱ ላይ?» አለችና ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠችው።

ፈተናው እንደ ሰዉ ችሎታ የሚሄድ ነው፤ ለሳተ ያቀላል፣ ላገኘ ያከብዳል። ዴልበርት የመጀመሪያውን ሳተ። ሁለተኛውን ሳተ። ማሽኑ ከጎተራ ስፋት ወደ ክፍልፋይ፣ ከክፍልፋይ ወደ መደመር ወረደለት። በመጨረሻ የሁለት ዶሮዎች ሥዕል አወጣና ስንት እግር እንዳላቸው ጠየቀው። ዴልበርት ሰባት አለ።

ማሪሴላ ከጀርባው ቆማ ኖሯል።

«ሰባት?»

«ዝም በይኝ። እየሠራሁ ነው።»

«ዴል፣ ውጤቱ ሲታተም ከሥሩ ያስጠናው ሰው ስም ይወጣል። የኔ ስም ነው የሚወጣው።»

«ማን ያነበዋል?»

«እኔ አነበዋለኋ። መጀመሪያ የመጣህ ቀን የሒሳቧን x ስትል የምትሰድበኝ ይመስል ፊትህ ይቀላ ነበር። አሁን ዶሮ አላውቅም ልትለኝ ነው?»

«ካርዴን ሊወስዱብኝ ነው፣ ማሪሴላ።»

ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። «ውደቅ ካልክ ውደቅ። አልከለክልህም። እያየሁህ ግን ነው።»

ማሽኑ ሦስት ፖም ከአምስት ፖም ጋር አመጣ። ዴልበርት ስክሪኑን ብዙ አየው። ስምንት ብሎ ነካ።

ከዚያ በኋላ መመለሻ አልነበረም። ማሽኑ እያንዳንዱን ደረጃ እንደገና እየጠየቀ መውጣት ጀመረ፤ ማባዛት፣ ክፍልፋይ፣ ጎተራ፣ እኩልዮሽ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። መሐል ላይ ማሪሴላ ሳንድዊቿን ከፍላ ሰጠችው። መጨረሻ ላይ ማንም ያላስተማረው ጥያቄ መጣና ማሪሴላም አብራው ጎንበስ አለች። «ይሄን እኔም አላውቀው» አለች፣ ደስ ብሏት። ወረቀቱ ሲታተም «ለዩኒቨርሲቲ ብቁ» ይላል፣ ከሥሩ ስሟ። አጥፋ ኪሷ ከተተችው፤ ለእሱ ሌላ አተመችለት።

ወደ አማካሪዎቹ ቢሮ ሲመለስ ዲኑ ኬክ እየቆረጡ ነበር። የዓመቱ የተመራቂ ብዛት ከመቶ አርባ ሁለት ደርሷል፤ አንዱ አማካሪ ግን አርባ አንድ ነጥብ ስድስት ነው፣ ኬኩ ላይ ያለው ቁጥር ልክ አይደለም እያለ ይከራከራል።

«አለፉ አይደል?» አለች ዮላንዳ ወረቀቱን አይታ።

«አለፍኩ።»

«አዝናለሁ።» ካርዱን ተቀበለችውና አንድ ቅጽ አቀበለችው። «ተመራቂ ሁሉ የሚሞላው ነው።»

ቅጹ «ኮሌጁ ምን ሰጠዎት?» ይላል። ሥራ፣ የደመወዝ ጭማሪ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሸጋገር፣ ሌላ። ለ«ሌላ» የተተወችው መስመር ጣት ታክላለች። ዴልበርት «ሰኞን፣ ማክሰኞን፣ ረቡ» ብሎ ጽፎ መስመሯ አለቀችበት። ጠርዙ ላይ መቀጠል ይቻል እንደሆነ ሊጠይቃት ቀና ሲል፣ ዮላንዳ ሒሳብ ታውቂያለሽ ተብላ ወደ ኬኩ ተጠርታለች።

«ነጥብ ስድስቱን እናጠጋጋው» ይላሉ ዲኑ።

«ማጠጋጋት ማጭበርበር ነው» ይላል ያኛው።

ዴልበርት ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ተወ፣ ወንበሩን ወደ ቦታው ገፋ፣ ባርኔጣውን አደረገ። በሩ በራሱ ተከፈተለት። ከሰልፉ ቀጣይዋ ሴት ቦርሳዋን ይዛ መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ አርባ ሁለት ይሁን አርባ አንድ ገና አልተወሰነም ነበር።