የመርፌ ማሽን

ጎረቤቴን መንደሩ ሁሉ «መርፌ» ይላታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ነገሯም ይወጋል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ግን በየዓመቱ የዘካ ስንዴ ሲከፋፈል ጆንያዋን ይዛ ትሰለፍ ነበር። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ከማንም ጋር አታወራም፤ ስንዴው ሲያልቅ ምላሷ ይመለሳል።

አምና ኢማማችን «ግማሹን እንደ ወትሮው እናከፋፍል፤ በግማሹ ግን አንድ የተቸገረ ቤተሰብ እናቋቁም» አሉ። ሽማግሌዎቹ ቢያጉረመርሙም ለመርፌ የልብስ ስፌት ማሽን ተገዛላት። በዓመቱ ራሷን ከቻለች በየዓመቱ ለአንድ ቤት እንዲሁ ይደረጋል፤ ካልቻለች ዘካው ሁሉ ወደ ስንዴው፣ እሷም ወደ ሰልፏ።

«ያንን ጆንያ ደግሜ ከምይዝ...» አለችኝና ሳትጨርሰው ማሽኑን ዘይት መቀባት ጀመረች።

ቤቷ ወዲያው ሰው በሰው ሆነ። መቀመጫው የተቀደደ ሱሪ፣ ዚፑ የተበላሸ ቦርሳ፣ የማይመጣ ነገር የለም። እኔም ሦስት መጋረጃ ይዤ ሄድኩ። በሦስተኛው ወር መርፌ ክር ልትበደር በሬን አንኳኳች።

«አንቺ ሴት፣ ይሄ ሁሉ ሥራ እያለሽ ክር መግዣ አጣሽ?»

«ማን ከፍሎኝ?»

«እንዴት?»

«የዘካ ማሽን ነው እኮ! ሰዉ ባዋጣው ማሽን ሰፍቼ፣ መልሼ ክፈሉኝ ልበል? አንቺስ ለመጋረጃው ምን ሰጠሽኝ?»

«እኔማ... ጎረቤትሽ ነኝ» አልኩ። ወጋችኝ።

ማታውኑ ለባለቤቴ ነገርኩት፤ ዘካ ሰብሳቢው እሱ ነው። እሱ ለኢማሙ ነገረ። ኢማሙ በማግስቱ ጫፉ የተተረተረ ጀለቢያቸውን አንጠልጥለው መርፌ ቤት መጡ። ቤቱ ጢም ብሏል።

«ዋጋው ስንት ነው ልጄ?»

«ኧረ አባቴ! ከእርስዎማ አልቀበልም!»

«ዘካ እጅሽ ከገባ ንብረትሽ ነው። መልሺ ልንልሽ እንኳ አንችልም።» ወደተሰለፈው ሰው ዞሩ። «እናንተስ? የተቸገራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ ለዘካ ላስመዝግባችሁ።»

ከፊት የተሰለፈው አናጢ ሱሪውን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ። ትንሽ ቆይቶ ግን መልሶ አወጣውና ኪሱን መዳበስ ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ ሰልፉ ሳሳ፤ ዋጋውም በካርቶን ተጽፎ በሯ ላይ ተሰቀለ። ለእኔም የመጋረጃ ሂሳብ ላከችብኝ።

«ጎረቤትሽ አይደለሁም እንዴ?» አልኳት።

«ነሽ እንጂ! የሁለቱን ብቻ የጠየቅኩሽ ለምን መሰለሽ?»

ዘንድሮ ዘካ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ «ለማንኛውም» ብለው ለመርፌ ስንዴ መደቡላት። ባለቤቴ ጆንያውን ተሸክሞ ሄደ፤ እኔም ነገር ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ተከተልኩት። መርፌ እግሯን ከማሽኑ ፔዳል ላይ እንኳ አላነሳችም።

«ወንድሜ፣ ቤት ተሳስተሃል። ስሜን ሰርዝ።» ከመሳቢያዋ በመሐረብ የተቋጠረ ገንዘብ አውጥታ ሰጠችው። «ዘካ ለማውጣት ገና ነኝ፤ ይሄ በፈቃዴ የምሰጠው ሰደቃ ነው። ለሚቀጥለው ማሽን።»

ባለቤቴ መሐረቡን ኪሱ ከቶ፣ ጆንያውን መልሶ ተሸክሞ ሊወጣ ሲል ስንዴው ከኋላው መንጠባጠብ ጀመረ።

«ቆይ፣ ጆንያህ ተቀዷል» አለችው መርፌ። «አምጣ ልስፋልህ። ዋጋው በሩ ላይ አለ።»