ጋሮማ ያልጸለየው ጸሎት

ባርናባስ ሰባኪ ነኝ ባይ ነበር። ከወላይታ መጥቶ ሰበታ ክር ፋብሪካ ከገባ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት አያመልጠውም፤ ዓለም ገና ከተማ ወርዶ በታክሲ ተራውና በገበያው ወንጌል ሲመሰክር ይውላል። የማያውቀውን ሰው ክንድ ይዞ ስለ ዘላለም ሕይወት ያወራል። አጠገቡ ማሽን ላይ ለሚሠራው ለጋሮማ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ትንፍሽ አላለም። ጋሮማ ቀልደኛ ነዋ! ይስቅብኛል ብሎ ፈራ።

ይባስ ብሎ ጋሮማ ራሱ ጠየቀው። አንድ ዓርብ በምሳ ሰዓት፣ ሽሮውን እየጠረገ፣ «ስማ ባርኒ፣ ለመንገደኛው ሁሉ የምትነግረው ነገር ምንድን ነው? ለኔስ መቼ ነው የምትነግረኝ?» አለው። ፊቱ ላይ ሳቅ የሚባል ነገር አልነበረም። ባርናባስ ግን «ሂድ ወዲያ፣ አንተ ደግሞ ትቀልዳለህ» ብሎ ሳህኑን ይዞ ተነሣ። እንግዲህ ሰባኪ ማለት ይኼ ነው!

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ለምስክርነት የወጡት ሁሉ በቤተ ክርስቲያናቸው ጉባኤ ፊት እየቆሙ ስላገኙት ነፍስ ይናገራሉ። ወንጌላዊ ተረፈ «አንዲት ነፍስ ያመጣ በሰማይ አክሊል ይጠብቀዋል» ሲል አዳራሹ እልል ይላል። ባርናባስ አምስት ቅዳሜ ባዶ እጁን ተመልሷል። ጋሮማ በጠየቀው ማግስት፣ በስድስተኛው ቅዳሜ፣ ተራው ሲደርስ ምላሱ ቀደመው። «ጋሮማ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ጌታን ተቀበለ» አለ። እልልታው ቀለጠ። ጠይቆኝ የለ እንዴ፣ ሰኞ እነግረውና እውነት ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና። ሰኞ ሥራ በዛ። ማክሰኞ አፈረ። በሦስተኛው ሳምንት ጅማ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ጋሮማን ገጭቶ ገደለው።

ከዚያ ወዲህ ባርናባስ ሰላም የለውም። ማሽኑ ሲጮህ በጩኸቱ መሀል «ለኔስ?» የሚል ይሰማዋል። ሰርቪስ ውስጥ ፊቱ የተቀመጠ ሰው ማጅራት ሁሉ የጋሮማን ይመስለዋል። ምሳ ሊበላ ሲቀመጥ አጠገቡ ሰው ያለ ይመስለውና ዞር ይላል፤ ማንም የለም። ጾመ፣ ጸለየ፤ አልለቀቀውም።

ወንጌላዊ ተረፈ በቀብሩ ቀን ተፍኪ ድረስ ሄዶ የጋሮማን እናት አዴ ኤቢሴን «አይዞዎት፣ ልጅዎ ጌታን ተቀብሎ ነው የሄደው» ብሎ አጽናንቷቸው ነበር። አዴ ኤቢሴ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የማንንም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ከአርባው ቀን በኋላ ግን አንድ እሑድ ጠዋት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሰበታ ካለው የቆርቆሮ አዳራሽ በር ላይ ቆመው ተገኙ።

«ባርናባስ የምትባለው አንተ ነህ?» አሉ፣ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው። «ኢልማ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ጋሮማን ያስጸለይከው አንተ ነህ አሉኝ። ያንኑ ጸሎት ለኔም አስጸልየኝ። አንዲት ቃል እንዳትቀይር። እሱ በገባበት በር ልግባ፤ አለዚያ አላገኘውም።»

ወንጌላዊ ተረፈ ከኋላ ሆኖ፣ «በል እንጂ ወንድሜ!» አለ።

ባርናባስ ጸሎቱን በቃሉ ያውቀዋል፤ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። ብሎት ቢገላገል የእኚህ እናት ልብ ያርፋል፣ እውነቱንም የሚያውቅ የለም። ቢናገር ልጃቸውን ሁለተኛ ሊገድልባቸው ነው። ዓይኑን ጨፍኖ «ጌታ ኢየሱስ ሆይ» አለ።

«ጌታ ኢየሱስ ሆይ» አሉ አዴ ኤቢሴ። ድምፃቸው ቁርጥ የጋሮማ ድምፅ ነበር። ባርናባስ ዓይኑን ገለጠ።

«ዋሽቼ ነው፣ እማማ» አለ። «ጋሮማ አልጸለየም። ንገረኝ ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ እኔ ዝም አልኩት። ከዚያ ተቀበለ ብዬ ለሰው አወራሁ።»

አዴ ኤቢሴ እጁን ለቀቁት። «ታዲያ ልጄ የት ነው?»

«አላውቅም።»

ወንጌላዊ ተረፈ ፊቱ አመድ መሰለ። «እሱን ለእግዚአብሔር እንተወው እናቴ፤ እርስዎ ግን ዛሬ...»

«ልጄን ብቻውን ትቼ የት ነው የምገባው?» አሉ። «እሱ ካለበት ነኝ።» ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ አስፋልቱ ወጡ።

ባርናባስ ተከትሏቸው ሮጠ። የተፍኪ ሚኒባስ ውስጥ ገብተው መስኮቱ ዳር ሲቀመጡ ደረሰባቸው፤ በተከፈተው መስኮት በኩል ተናገረ። ስለ መስቀሉ ነገራቸው። ከኢየሱስ ጎን ስለተሰቀለው ወንበዴና በመጨረሻዋ ሰዓት ስላገኘው ምሕረት ነገራቸው። እግዚአብሔር ሰው የማያየውን የልብ ጥያቄ እንደሚሰማ፣ ይህንንም ለጋሮማ መንገር የነበረበት እሱ እንደሆነ ነገራቸው። እንባው ከንፍጡ ጋር እየወረደ፣ ረዳቱ ጆሮው ሥር «ተፍኪ፣ ተፍኪ! አንድ ሰው!» እያለ እየጮኸበት፣ በዕድሜው እንዲህ ሰብኮ አያውቅም። አዴ ኤቢሴ አላቋረጡትም፤ እስከ መጨረሻው ሰሙት። መኪናው ሲነሣ ብቻ ፊታቸውን ወደ እሱ መለሱ።

«ይህን ሁሉ እያወቅህ ነው» አሉት፣ «ልጄ ሲጠይቅህ ዝም ያልከው?»