የቢጫው ቤት ማመልከቻ

የሰፈራችን ኮሚቴ ሊቀመንበርና ባለሱቋ የመጡት ሐሙስ ጠዋት፣ ገና ኮምፒውተሩን ሳልከፍት ነው። እኔ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ሰው ብሶቱን ይነግረኛል፣ እኔ ቢሮ በሚገባው ቋንቋ አደርግለታለሁ።

«ቢጫው ቤት ሰኞ ሊከፈት ነው አሉ» አሉ ሊቀመንበሩ ሳይቀመጡ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል። «የሱሰኛ ማገገሚያ! ሰካራሙን ሁሉ ሰብስበው ልጆቻችን አጠገብ ሊያስተኙብን! አንቺ ልጅ፣ እንዳይከፈት አድርገሽ ጻፊልን።»

«ይዳኑ፣ መዳናቸውን ማን ጠላ» አለች ባለሱቋ። «ግን ሌላ ቦታ ይሁንላቸው። ሰው የሌለበት።»

ቢጫው ቤት ውስጥ ካሉት አሥራ ሁለት አልጋዎች አንዱ ለወንድሜ የተያዘ ነው። ሰፈሩ ወንድሜን ጨጓራውን የሚያመው ሰው አድርጎ ነው የሚያውቀው፤ እንደዚያ ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ። መጠጥ ሥራውንም ትዳሩንም አሳጥቶት እኔ ጋ ከገባ ስምንት ወሩ ነው። አሁን ግን አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አልቀመሰም። ሰኞ ሰኞ እያለ ነው የሚውለው።

አልጽፍም ብል «ለምን?» ይሉኛል። ቆይቶ ዘዴ መጣልኝ። በእኛ ሙያ ማመልከቻ መግደል ቀላል ነው፤ ሰላምታውን ማስረዘም፣ ምሬቱን ማብዛት፣ የሚፈለገውን ነገር ግን በግልጽ አለመጠየቅ። እንዲህ ያለው ወረቀት መዝገብ ቤት ይገባና እዚያው ተኝቶ ይቀራል። እንደዚያ አድርጌ ጻፍኩና አትሜ ሰጠኋቸው።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ይኼ ማመልከቻ ነው ወይስ የሰርግ ጥሪ?»

ባለሱቋ ሳቀች። «ይተዋት ጋሼ፣ ደክሟታል መሰለኝ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰውዬ አሪፍ ይጽፋል ይላሉ፤ እሱ ጋ እንሂድ።»

ከማዶ ያለው ሰውዬ! «ጉዳዩ» ብሎ ከሥሩ ማስመር እንኳ የማያውቀው! ደሜ ፈላ። ወረቀቱን ከጋሼ እጅ ቀማሁና ተቀመጥኩ። ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ቢጫው ቤት ስንት ሜትር እንደሆነ ጻፍኩ። ነዋሪው ሳይጠየቅ መወሰኑን ጻፍኩ። ጥያቄዎቹን ሦስት አድርጌ በተራ ቁጥር አስቀመጥኩ፤ ሦስተኛው «ምላሽ እስኪሰጠን ድረስ እንዳይከፈት ይታገድልን» ይላል። ጣቴ ሲሮጥ ወንድሜ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም። ጋሼ ሲያነቡት ፊታቸው በራ። እኔም ደስ አለኝ። ምን ብዬ እደብቀዋለሁ፣ ደስ ብሎኛል።

ከወጡ በኋላ ነው ወንድሜ ትዝ ያለኝ።

አመሻሽ ላይ ቤት ስገባ ወንድሜ ከበር እስከ መስኮት ይንጎራደዳል። ቦርሳው ተዘጋጅቶ አልጋው ላይ ተቀምጧል።

«ጋሼ ሊያስፈርሙኝ መጥተው ነበር» አለ።

«እና?»

«ፈረምኩ።»

«እንዴት ትፈርማለህ?»

«ምን ልበላቸው? አልፈርምም ብል ይነቁብኛል። አንቺም ታፍሪያለሽ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ግን የጻፈው ሰው ጎበዝ ነው። አንብቤ ስጨርስ እኔ ራሴ እነዚያን ሰዎች ፈራኋቸው። ማን ይሆን የጻፈው?»

«ከማዶ ያለው ሰውዬ ይሆናል» አልኩ።

ዓርብ ማመልከቻውን ላስቆም የወረዳው ቢሮ በር ድረስ ሄድኩ። ደረጃውን ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ደግሞ ወጣሁ። ምን ብዬ ልናገር? የጻፍኩት እኔ፣ የምቃወመው እኔ። የወንድሜ ፊርማ ደግሞ እላዩ ላይ አለ። ላብ በላብ ሆኜ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ከቢጫው ቤት ተደወለ። ስልኩን ያነሳው ወንድሜ ነው። «እሺ» አለ፣ «እሺ፣ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ» አለ። ከዚያ ዞር ብሎ አየኝ። «ታግዷል። ቢያንስ አንድ ወር።»

እሑድን እንዴት እንደዋልነው አልናገርም። አንዳችንም እህል አልቀመስንም።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራዬ ልወጣ ስል በሩ ላይ አስቆመኝ።

«ከውጭ ቆልፊብኝ» አለ።

«ምን?»

«ቆልፊና ቁልፉን ይዘሽ ሂጂ። የዛሬን ቀን በሩ ክፍት ሆኖ አልችለውም።»

እንባዬ መጣ። አልሄድም፣ አብሬህ እውላለሁ አልኩት።

«አይሆንም፣ ሥራሽን ክፈቺ። ከሁለታችን አንዳችን እንኳ ሰው እንሁን።»

ወጣሁና ቆለፍኩ። ከውስጥ ኮቴው ይሰማኛል፤ ወደ መስኮቱ ይሄዳል፣ ወደ በሩ ይመለሳል። ቁልፉን ሳልነቅል ጋሼ ከኋላዬ ደረሱ።

«አንቺ ልጅ! ሰማሽ አይደል? አሳገድነው!» ድምፃቸው ዛሬም የመምህር ነው፣ ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። «የወረዳው ኃላፊ እንዲህ ያለ ማመልከቻ አይቼ አላውቅም ነው ያለው። አንቺ ባትጽፊው ኖሮ ዛሬ ተከፍቶ ነበር። እጅሽ ይባረክ!»

ከበሩ ወዲያ ኮቴው ቆመ።

«አሜን» አልኩ።