ሁለት ፍሬ ያለበት በር

ቡሳባ የሬሳ ሳጥኑን በጣቷ አንጓ ሦስት ጊዜ አንኳኳችና፣ «ታናት፣ ምሳ ቀርቧል። ተነስና ብላ» አለች።

ትሪውን ከሳጥኑ ሥር አኖረችው። ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ሁለት ሙዝ፣ አናቱ የተቀላ ኮኮናት፣ በትንሽ ሳህን ደግሞ ምላስ የሚያቃጥል ጨዋማ የዓሣ ውሃ ነበረበት። ወንድሟ ኩላሊቱ ከደከመ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ሙዝ አልቀመሰም። ጨው ተከልክሏል። ውሃ እንኳ በብርጭቆ እየተለካ ነበር የሚሰጠው፤ የምትለካውም እሷ ነበረች።

«ዛሬ የሚለካብህ የለም» አለችው በሹክሹክታ።

«ምን አልሽው?» አሉ አክስቷ ፒምፓ ከደጅ።

«ብላ ነው ያልኩት።»

«ብላ ብቻ በይው። ወሬ አታብዢ። ወሬ ከጣመው አይሄድም።»

አክስት ፒምፓ በፓያው ከተማ ብዙ ሰው ሸኝተዋል፤ በሥርዓቱ የሚያህላቸው የለም። ታናት ሠላሳ አንድ ዓመቱ፣ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ እንዲህ ያለው ሟች ነው ተመልሶ ቤት ቤት የሚለው፣ ባይ ናቸው። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ሳጥኑ ወደ ቤተ መቅደስ ሲሄድ በአቋራጩ አይወሰድም። በገበያው ዞሮ፣ በሐይቁ ዳር አድርጎ፣ የሬሳ ማቃጠያውን ሦስት ጊዜ ከዞረ በኋላ ነው የሚገባው። ከኋላው በሩ ላይ ቅርንጫፍ ይጋደማል። ይህ ሁሉ መንገዱ እንዲጠፋበት ነው።

ቡሳባ አልተከራከረችም። ከደከማት ቆይቷል። መጋረጃ ስትሰቅል፣ ብርጭቆ ስታጥብ፣ ለመነኮሳቱ ምንጣፍ ስታነጥፍ እጇ ብቻ ነው የሚሠራው። ግን እንዲጠፋበት አልፈለገችም። ሦስት ዓመት ደግፋ ያስገባችውን ሰው በምን አንጀቷ በር ትዘጋበታለች?

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ቀጭን ሰው ከላምፓንግ በአውቶቡስ መጣ። ኪቲ ይባላል፤ ሥራው ቤት ለቤት እየዞረ የመብራት ቆጣሪ ማንበብ ነው። ከሳጥኑ ፊት ተንበርክኮ ሰገደና ውሃ ተሰጥቶት ተቀመጠ።

«ታናትን በአካል አይቼው አላውቅም፣ እህቴ» አላት። «ግን አራት ዓመት ቤቱ ውስጥ ስጠፋ ኖሬያለሁ።»

«የቱ ቤት?» አሉ አክስት ፒምፓ።

«የሠራው ጨዋታ ነው፣ እማማ። በኮምፒውተር ውስጥ ያለ መውጫው የሚጠፋ ቤት። መንገዱ ከኛ መንገድ በአንድ አቅጣጫ ይበልጣል።»

«ወዴት ነው የሚበልጠው?»

«እሱን በጣት ማሳየት አይቻልም።»

«የማይታይ መንገድ መሥራት ምን ይባላል? ለዚህ ነው እንጀራ ያልወጣለት» አሉና ወደ ጉዳያቸው ተመለሱ። «ለማንኛውም ነገ ማቃጠያውን ሦስት ጊዜ ታዞሩታላችሁ።»

ኪቲ ሳቁን በብርጭቆው ሊሸፍን ሞከረ።

«ምን ያስቃል?»

«ይቅርታ፣ እማማ። ታናት በሦስት ዙር የሚጠፋ ሰው ስላልሆነ ነው።»

አክስት ፒምፓ ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያው አራት እናዞረዋለን» አሉ።

ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡሳባ ሳቀች።

እሷም ያን ከፊትና ኋላ፣ ከግራና ቀኝ፣ ከላይና ታች ሌላ የሆነ አራተኛ አቅጣጫ ለመረዳት አንድ ዓመት ፈጅቶባታል። ታናት ለኩላሊት እጥበት አራት ሰዓት ያህል ሲተኛ ግራ ክንዱ ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ከሕመሙ በፊት የጀመረውን ጨዋታ በአንድ እጁ ነበር የሚሠራው። አጠገቡ ተቀምጣ የምትሞክርለት እሷ ናት። አንድ ቀን ትሪው ላይ ጉንዳን አየ። ጣቱን ብርጭቆው ውስጥ ነክሮ በጉንዳኗ ዙሪያ ክብ ሠራ።

«ከተለካልህ ውሃ ላይ?» አለችው።

«ለትምህርት ነው፤ ዝም ብለሽ እይ። ለሷ በየትም በኩል ዝግ ነው፣ አይደል?» ጉንዳኗን በጣቱ አንስቶ ከክቡ ውጭ አስቀመጣት። «በር አልከፈትኩም፤ ግድግዳም አላፈረስኩም። እሷ የማታውቀው አንድ አቅጣጫ ነበር። እኛም የማናውቀው አንድ አለ እንበል።»

ጨዋታው ውስጥ አንዱን ቁልፍ ስትጫን ቢጫው ግድግዳ አረንጓዴ፣ ከዚያም ሰማያዊ ይሆናል፤ አፍንጫዋ ሥር የነበረው ግድግዳ መንገድ ሆኖ ይገኛል። «ግድግዳውን አነሳኸው!» ትለዋለች። «አላነሳሁትም። አንቺ ነሽ የዞርሽው» ይላታል።

«መልስ ስለምነው አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም» አለ ኪቲ። «“ስንት ፍሬ ጥለሃል?” ብሎ ይጠይቀኛል፣ በቃ።»

«እኔንም እንደዚያው ነበር» አለች።

ፍሬ የሚለው የሩዝ ፈንዲሻ ነው፤ በአገሩ ሬሳ ሲወጣ ከፊት ከፊት የሚበተነው። ታናት ለጨዋታው ወሰደው። በአንድ በር ባለፉ ቁጥር አንድ ፍሬ ይጥላሉ። አንድ ፍሬ ካለበት ገብተውበታል፤ ሊመለሱበት ይችላሉ። ሁለት ካለበት ግን ሄደውበታል፣ ተመልሰውበታል፤ የቀረ ነገር የለም። ሁለት ፍሬ ያለበት በር ያለቀ በር ነው፤ ሌላ መፈለግ ነው።

ቡሳባ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ተነሳች። «አክስቴ፣ ነገ ፈንዲሻውን እኔ ልበትን» አለች።

«አንቺ አይደለሽ ታላቋ? ማን ሊበትን ኖሯል?»

በማግስቱ ሳጥኑ ሲወጣ ቡሳባ ቅርጫቱን ይዛ ፊት ሆነች። የግቢው በር የሚንሸራተትበት የብረት ሐዲድ ላይ ስትደርስ ጎንበስ ብላ አንዲት ፍሬ ብቻ ሐዲዱ ውስጥ አኖረች።

«ምነው ቆጠብሽ?» አሉ አክስቷ ከኋላ። «ዋናው በሩ አይደለም እንዴ?»

«ይበቃል፣ አክስቴ።»

መንገዱን ሙሉ በእፍኝ በተነችው። በገበያው ዞሩ፣ በሐይቁ ዳር ሄዱ፣ አክስት ፒምፓም እንዳሉት አራት ጊዜ አዞሩት። በመጨረሻ ከቅርጫቱ ሥር አንዲት ፍሬ ቀረች፤ ቡሳባ ኪሷ ከተተቻት። ጭሱ ወደ ሐይቁ አዘነበለ። አላለቀሰችም፤ የሚቀመጡበት ነገር ብቻ ፈለገች።

ወደ ቤት ሲመለሱ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ማክሰኞ ነው። መኪናዋን በሩ ላይ አቆመች፣ ወረደች፣ በኋላ ዞረች፣ የኋላውን በር ከፈተች፤ እንዲደገፍበትም ትከሻዋን ዝቅ አደረገች። ወንበሩ ላይ የሚንተራሳት ትራስ ብቻ ነበረች። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከእጥበት መልስ እንዲህ ነው ስታወርደው የኖረችው።

ባለፈው ወር እዚሁ ቦታ ትንፋሹን ሊሰበስብ የበሩን ብረት ይዞ ቆሞ ነበር።

«ቡሳባ፣ እዚህ በር ላይ ስንት ፍሬ የወደቀ ይመስልሻል?»

«ግባ ባክህ፣ ፀሐይ ነው።»

«ከዘጠኝ መቶ ያልፋል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ፣ ያፈረስኩትም እኔ» አለና ፈገግ ብሎ ገባ። ያኔ ቀልድ መስሏት ነበር።

አክስት ፒምፓ ቅርንጫፍ እየጎተቱ መጡ። «ልዝጋው፣ ልጄ?»

«ትንሽ ይቆዩኝ፣ አክስቴ።»

ሐዲዱ አጠገብ ቁጢጥ አለች። የጠዋቷ ፍሬ እዚያው አለች፣ አቧራ ነክቷታል። ቡሳባ ኪሷ ውስጥ ያለችውን አወጣች፤ መዳፏ ላይ ክብደት የላትም። ለረጅም ጊዜ ያዘቻት። ከዚያ ከመጀመሪያዋ ጎን አኖረቻት፤ ነፋስ እንዳይወስዳትም በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ ጫን አለቻት።